የድመት አሸዋ በሚዛን ላይ፦ ሽታን የሚይዘውና ሽታን የሚሸፍነው

ድመት ያለበት ቤት የግድ መሽተት የለበትም። በሩ ሲከፈት አፍንጫ የሚመታ ነገር ካለ ጥፋቱ የድመቷ አይደለም፤ ወይ አሸዋው አይረባም፣ ወይ ሳጥኑ ጠቧል፣ ወይ የሚዝቀው እጅ ዘግይቷል። የድመት አሸዋ ከረጢቶች ሁሉ ላይ «ሽታ ያጠፋል» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ከውስጥ ያለው ግን እንደየዓይነቱ የተለያየ ነው፤ ጨርሶ የማያጠፋም አለ። እዚህ የሚመዘኑት አራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ናቸው፦ ጓል የሚሠራው የቤንቶናይት ሸክላ፣ ሲሊካ ጄል፣ የታመቀ ሳጋቱራና የአኩሪ አተር አሸዋ፤ ከነአጋዥ ዕቃዎቻቸው። መመዘኛው አንድ ነው፦ ሽንቱ አሞኒያ ሆኖ አየሩን ከመሙላቱ በፊት ምን ያህል ያቆየዋል?

ይህ ጥያቄ የተመረጠበት ምክንያት አለው። የጤነኛ ድመት ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። በውስጡ ያለው ዩሪያ በራሱ ሽታ የለውም፤ ዓይን የሚያቃጥለው አሞኒያ የሚወጣው ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ሲሰባብሩት ነው። ለዚህ ሥራቸው ደግሞ እርጥበት፣ ሙቀትና ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። እርጥበቱን የነፈጋቸው ወይም ሽንቱን ቶሎ ከቤት ያስወጣው አሸዋ ሽታውን ከምንጩ አደረቀው ማለት ነው። ሌላው ምንጭ ፌሊኒን የሚባል፣ በድመት ሽንት ውስጥ የሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው። እሱ ቀስ እያለ ሲፈርስ ድኝ ያለባቸው ውህዶች ይለቃል፤ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው «የድመት ሽታ» ከዚያ ይመጣል። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ፌሊኒንን በብዛት ስለሚያወጣ፣ እንዲህ ያለ ድመት ላለበት ቤት ከየትኛውም ውድ አሸዋ ይልቅ ማኮላሸቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቤንቶናይት

ከአራቱ አንደኛ የምናደርገው ይህንን ነው፤ ሽታ ያልተጨመረበት እስከሆነ ድረስ። የሸክላ ጥራጥሬን ለድመት መጸዳጃነት ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካዊው ኤድ ሎው ነው። ያ የመጀመሪያው ሸክላ ሽንት ይመጥጣል እንጂ ጓል አይሠራም፤ ዛሬም በርካሽ ይሸጣል። ችግሩ የጠጣውን ሽንት ከደረቁ መለየት አለመቻሉ ነው። ዓይነ ምድሩን ያነሣሉ፣ ሽንቱ ግን እዚያው ከሥር ተኝቶ ይበሰብሳል፤ በሳምንት አንዴ ሁሉንም ካልደፉት ቤቱ ይሸታል። በ1980ዎቹ የመጣው ጓል ሠሪ ቤንቶናይት ይህንን ፈታ። ሶዲየም ያለበት ቤንቶናይት ውኃ ሲነካው ብዙ እጥፍ አብጦ ይጣበቃል፣ ሽንቱን በአንድ ጓል ውስጥ ይቆልፋል፣ ጓሉም ተነሥቶ ይጣላል። ካልሲየሙ የሚበዛበት ቤንቶናይት ግን ብዙ አያብጥም፤ ጓሉም ልል ነው። ከረጢቱ ላይ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ መሞከር ይሻላል።

ሙከራው ቀላል ነው። ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይሙሉ። 30 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ቦታ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ከሥሩ በአካፋ ያንሡት። ጥሩው አሸዋ ከላይ ጠፍጠፍ፣ ከሥር ክብ ያለ፣ ዳቦ የመሰለ ጓል ይሰጣል፤ ሥሩም የዕቃውን ወለል አልነካም። ጋዜጣ ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢጥሉት ጥቂት ፍሬ ይረግፍለት ይሆናል እንጂ ለሁለት አይሰነጠቅም። መጥፎው ግን ገና ሲነሣ ይፈረካከሳል፣ ወይም ውኃው በትላልቅ ፍሬዎች መካከል ሾልኮ ወለሉ ላይ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ያ ጭቃ ነው በሳጥኑ ውስጥ የሚገማው።

ጥሩ አሸዋም ቢሆን በሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው የጥልቀት ማነስ ነው፤ ከሁሉም ስሕተት የሚበዛውም ይኸው ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከተነጠፈ ሽንቱ ጓል ሠርቶ ሳይጨርስ ወለሉ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ይለጠፋል፣ ሲፋቅ ይሰባበራል። ፍርፋሪው ከአካፋው ቀዳዳ ሾልኮ ከንጹሑ ጋር ይቀላቀላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይን የማያየው የተበላሸ አሸዋ ግማሽ ሳጥን ሆኖ ይገኛል። ሁልጊዜ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ይኑር። 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሳጥን 7 ሴንቲ ሜትር ማለት ወደ 17 ሊትር አሸዋ ነው። ብዙ ሰው አንዲት ትንሽ ከረጢት ገልብጦ «ይህ ምርት አይሠራም» የሚለው ይህንን ስላላሰላ ነው። ከዚያ በኋላ ከባድ ወጪ የለም፤ በየቀኑ የወጣውን ያህል መሙላት ብቻ ነው።

ሁለተኛው መቸኮል ነው። ድመቷ ወርዳ ገና ዞር ሳትል ጓሉ ቢዛቅ እንደ ለጋ ሊጥ ይቀደዳል። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይተዉት። አካፋውም ብረት ይሁን። ቀጭን ፕላስቲክ ከጓሉ ሥር ሲገባ ይለመጣል፣ ሲለመጥ ጓሉን ይሰብረዋል። ትክክለኛው አነሣስ ከጎን መውጋት ሳይሆን ከዳር ገብቶ ወለሉን እየታከኩ ከሥር ማንሣት፣ ከዚያም ሳያንገላቱ በቀስታ ማንገዋለል ነው።

ጉድለቶቹም አሉ። ይከብዳል። አቧራ አለው፤ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ከመገልበጥ አፉን ወደ ሳጥኑ ወለል አስጠግቶ ማፍሰስ ብናኙን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ አስም ላለበት ሰው ግን ይህም ላይበቃ ይችላል። ያገኙትን ሁሉ በአፋቸው ለሚሞክሩ ጨቅላ ግልገሎች አይሆንም፤ ቢውጡት ሆዳቸው ውስጥ ያብጣል። በዚሁ ምክንያት ሽንት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይለቀቅም፤ ቱቦ ይደፍናል።

ሽቶ ስለተጨመረባቸው ምርቶች ግልጽ መሆን ይገባል፦ አይግዟቸው። አበባ የሚሸት አሞኒያ አሞኒያ መሆኑን አይተውም። ከዚያ የሚብሰው ግን የድመቷ ጉዳይ ነው። የድመት አፍንጫ ከእኛ እጅግ የሠላ ነው፤ ፊቷም ሳጥኑ ውስጥ ከአሸዋው አንድ ስንዝር ላይ ነው። ለእኛ ደስ የሚል መዓዛ ለእሷ የሚያፍን ሊሆን ይችላል። ሳጥኑን የጠላች ድመት ደግሞ ምንጣፍና ፍራሽ ላይ ትሄዳለች፤ ያኔ ሽታውን የሚያነሣ አካፋ የለም።

ሲሊካ ጄል

የጫማና የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ከሚገኙት ትንንሽ ፍሬዎች ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጓል አይሠራም። ሽንቱን ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ ውኃው ቀስ በቀስ ይተናል፣ ሽታ የሚያመጣው ዝቃጭ ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ባክቴሪያ እርጥበት ስለሚያጣ አሞኒያው ይዘገያል። ለአንዲት ድመት በተሞላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሽታን በመያዝ ከቤንቶናይት አያንስም፤ አቧራው ያነሰ፣ ክብደቱም የቀለለ ነው።

የሚከዳው በድንገት ነው። ቤንቶናይት መጥፎ መሆን ሲጀምር ቀስ እያለ ያስታውቃል፤ ሲሊካ ግን እስኪጠግብ ይይዝና ከጠገበ በኋላ አንዲት ጠብታ አይቀበልም። ሽንቱ ሳጥኑ ወለል ላይ ኩሬ ይሠራል። ይህ እንዳይሆን ሁለት ነገር ይደረጋል፦ በየቀኑ ፍሬዎቹን ከሥር ወደ ላይ ማማሰል፣ ምክንያቱም ድመቷ የምትመርጠው ጥግ ብቻውን ይጠግባልና፤ ሁለተኛም ነጩ ፍሬ አብዛኛው ወደ ቢጫ ሲለወጥ ቀን ሳይቆጥሩ መጣል። ከረጢቱ ላይ «አንድ ወር» የሚለው ለአንዲት ድመት የተሰላ ነው፤ ሁለት ድመት ካለ በግማሽ ያሰሉት። አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነበት ቤት ፍሬው ከአየሩም ስለሚጠጣ ዕድሜው ያጥራል። መዳፏ ለስላሳ የሆነ ድመት ሹል ፍሬዎቹን ልትጠላ ትችላለች፤ ክብ ፍሬ ያለው ይሻላል፣ ግን ወለሉ ላይ እንደ ዶቃ ይንከባለላል።

ለማን? አንዲት ድመት ላለው፣ ከባድ ከረጢት መሸከም ለማይችል፣ በየቀኑ ማማሰልን ለማይረሳ ሰው። ብዙ ድመት ላለበት ቤት አይደለም።

የታመቀ ሳጋቱራ

ከመጥፎ ስሙ በላይ ጥሩ ነው። ብዙዎች የሚጠሉት እንደ ሸክላ ሊዝቁት ስለሚሞክሩ ነው። ይህ አሸዋ ተቃራኒ ነው፦ ሽንት የነካው ፍሬ ተፈርክሶ ዱቄት ይሆናል፣ ደረቁ ፍሬ እንዳለ ይቆማል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ፎቅ ወንፊት ሳጥን ነው። በቀን አንዴ ሲወዘወዝ ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታችኛው ትሪ ይደፋል። ተራ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ዱቄቱ ከፍሬው ጋር እየተደባለቀ ይረጥባል፣ በሦስተኛው ቀን ግማቱ ይነሣል።

ጥልቀቱ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወንፊቱ አያወርደውም። የአሞኒያ አያያዙ ደኅና ነው፤ የዓይነ ምድር ሽታ ግን አይሸፍንም፣ ምክንያቱም ትልልቁ ፍሬ ዙሪያውን አያለብሰውም። እሱን ወዲያው ማንሣት ግድ ነው። ሲገዛ በሙቀት የደረቀ መሆኑንና ማቀጣጠያ ኬሚካል ያልገባበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለምድጃ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ፍሬዎች ለእንስሳ የታሰቡ አይደሉም።

የአኩሪ አተር አሸዋ

ቀላል፣ አቧራው ጥቂት፣ ጓሉም ፈጥኖ የሚሠራ ነው። ጓሉ ግን ከቤንቶናይት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ጥልቀቱን 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ይገባል። ትልቁ ድክመቱ ከምግብ የተሠራ መሆኑ ነው። እርጥበት ባለበት ክፍል ይሻግታል፣ ነፍሳትም ይመጡበታል፤ ሲከርምም ሽንት ሳይነካው የራሱ የሆነ የኮመጠጠ ሽታ ያወጣል። የተከፈተው ከረጢት አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ፣ ሳጥኑም በሁለት ሳምንት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። «ሽንት ቤት ውስጥ ይለቀቃል» የሚለውን ማስታወቂያ አይከተሉ። ቱቦው ቢያሳልፈው እንኳ በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ሰውንም የሚያሳምመው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ውኃ አካል እንዲገባ መንገድ ይከፍታል።

የሚረጩና የሚነሰነሱ ነገሮች

ቤኪንግ ሶዳ በየቦታው ይመከራል። ሥራው ግን ከሚባለው ያነሰ ነው፦ አሞኒያ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ሶዳውም እንዲሁ፤ ስለዚህ አይገናኙም። አሲድነት ላላቸው የዓይነ ምድር ሽታዎች ይረዳል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከአሸዋው ሥር ሳጥኑ ወለል ላይ በስሱ ቢነሰነስ ይበቃል፤ ከዚያ ተአምር አይጠበቅም። አሞኒያን በእርግጥ የሚይዘው ዜኦላይት የሚባለው ማዕድን ነው፤ አሞኒያ እርጥበት ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን አሞኒየም በራሱ ውስጥ ካለው እንደ ሶዲየም ካለ ንጥረ ነገር ጋር ቀይሮ ይቆልፈዋል። ተጨማሪ መግዛት ካለብዎ ገንዘቡ ለዚህ ይዋል። አክቲቭ ካርበን ድኝ ያለባቸውን ውህዶች ጥሩ ይይዛል፣ ለአሞኒያ ግን ደካማ ነው። ከላይ የሚረጩ ሽቶዎችና የዕፅዋት ዘይቶች አይገቡም፤ ከዘይቶቹ ብዙዎቹ የድመት ጉበት በቀላሉ የማያስወግዳቸው መርዝ ናቸው።

ሳጥኑ ራሱ

የተጫረ ፕላስቲክ ሳጥንን በብርሃን አዘንብለው ቢያዩት ወለሉና ጥጎቹ በጥፍር መሥመር የተሞሉ ናቸው። ሽንት እዚያ ይገባል፣ ይደርቃል፣ እጥበትም አያወጣውም። አዲስ አሸዋ ተሞልቶ በማግሥቱ የሚሸት ሳጥን ምክንያቱ ይኸው ነው። ፕላስቲክ በዓመት አንዴ ይለወጥ። የማይዝግ ብረት ሳጥን ውድ ቢሆንም አይጫርም ማለት ይቻላል፣ ሽታ አይጠጣም፤ አንዴ የተገዛ ለዓመታት ይበቃል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ዋጋውን በትክክል የሚመልሰው እሱ ነው።

ርዝመቱ ከድመቷ አፍንጫ እስከ ጭራዋ መነሻ ያለውን ርቀት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ጠባብ ሳጥን ውስጥ ድመቷ ግድግዳው ላይ ትሸናለች፣ ሽንቱም በጎን ወርዶ ከአሸዋው ሥር ይገባል። ክዳን ያለው ሳጥን ሽታውን ከእኛ ይደብቃል እንጂ አያጠፋውም፤ ድመቷ ግን በዚያ ውስጥ ነው የምትገባው። ክዳን ከፈለጉ የመዛቁን ቁጥር ይጨምሩ። የሳጥን ቁጥር ከድመቶቹ በአንድ ይብለጥ፤ ለሁለት ድመት ሦስት፣ ያውም በተለያየ ቦታ። ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት ሳጥኖች በድመቷ ዓይን አንድ ናቸው።

መዛቅ በቀን ሁለቴ ነው፤ ጠዋትና ማታ። አንዴ ብቻ ከሆነ ሽታው በቀኑ መጨረሻ ይሰማል። የቶክሶፕላዝማ እንቁላልም ከወጣ በኋላ ለመበከል ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈልግ በየቀኑ ማንሣት አደጋውን ይቀንሳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሥራውን ለሌላ ሰው ትተው፣ ካልሆነም ጓንት አድርጋ እጇን በደንብ ትታጠብ። የተዛቀው ጓል በተቋጠረ ከረጢት ወዲያው ከቤት ይውጣ። ሳጥኑ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ የሚሸተው ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው።

ሙሉ እጥበት ለቤንቶናይት በየ3 ወይም 4 ሳምንት ይበቃል። ሙቅ ውኃና ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና ነው የሚፈለገው፣ ሌላ የለም። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ሳጥኑ ላይ ከቀረው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ክሎራሚን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ወተት የሚመስሉ ፌኖል ያለባቸው ፀረ ተባዮችም ለድመት መርዝ ናቸው። ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ወለል ላይ የፈሰሰ ቤንቶናይት ወዲያው ይለጠፋል፣ አዲሱ አሸዋም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይበላሻል።

በራሳቸው የሚዝቁ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ሥራ ያቀልላሉ፤ ጥሩ ጓል ከማይሠራ አሸዋ ጋር ግን ማበጠሪያቸው በጭቃ ይያዛል፣ መሳቢያውም ካልተደፋ የሽታ ማከማቻ ይሆናል። ቀላል ክብደት ያላትን ግልገል ብዙዎቹ መመዘኛቸው አያውቃትም፤ ሳጥኑ ውስጥ እያለች እንዳይንቀሳቀሱ እስክታድግ ድረስ ይጥፉ።

ከሳጥኑ ውጪ የፈሰሰ

ለዚህ ባለ ኢንዛይም ማጽጃ የሚተካው የለም፤ አብዛኛው ሰው ግን በአጠቃቀሙ ያበላሸዋል። ትኩሱን ሽንት መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ያድርቁት፣ አይፈትጉት። ከዚያ ማጽጃውን ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ ያርከፍክፉት፤ ላዩን ብቻ መርጨት ሥሩን አይነካም። ምንጣፍ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል እድፍ ከሥሩ ሁለት ሦስት እጥፍ ሰፍቶ ይገኛል። በፕላስቲክ ሸፍነው 24 ሰዓት ሳይደርቅ ያቆዩት፣ ከዚያ ገልጠው በራሱ ይድረቅ። ኢንዛይም እርጥብ እስካለ ብቻ ይሠራል። ቀድሞ ሳሙና፣ ኮምጣጤ ወይም ፀረ ተባይ ከገባበት ሥራውን ያሰናክላል፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ መጀመሪያ ያለቅልቁት። ፈላ ውኃና የእንፋሎት ማሽን አይጠጉት። እርጥበት ባለው ቀን ተመልሶ የሚሸት አሮጌ ቦታ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይፈልጋል፤ በጨለማ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ቢፈለግ እድፉ ያበራል።

ሽታው በአሸዋው ሳይሆን በድመቷ የተለወጠ ከሆነ የሚገዛ ነገር የለም። ጓሎቹ ድንገት በቁጥርም በመጠንም ከበዙ ኩላሊት ወይም ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት ሳጥኑ ውስጥ ደጋግሞ ገብቶ ሲያምጥ ጓል ካልተገኘ የሽንት መተላለፊያው ተዘግቶ ይሆናል፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

አሸዋ ሲቀየር አንድ ሳምንት ይስጡ፦ መጀመሪያ ሦስት እጅ አሮጌው ከአንድ እጅ አዲሱ ጋር፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እኩል፣ ከዚያ ሙሉ አዲስ። ሲሊካና ሳጋቱራ ከቤንቶናይት ጋር ስለማይስማሙ አይቀላቀሉ፤ ለእነሱ ሁለተኛ ሳጥን ከጎን አስቀምጦ ድመቷ በራሷ እስክትመርጠው መጠበቅ ይሻላል።